ደብረ ብርሃን ያልሄደችው ልጄ

ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረምሳ ሁሉ እያየኝ አልቅሼ አውቃለሁ። እኔ! ሰፈሩን በሙሉ ስገሥጽ የኖርኩት ሰውዬ! ኮሜንት ላይ ሳቁብኝ፤ ፈቅጃለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። መካኒሳ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊልም በካሴት የምናይበት ዘመን ነበር። እኔ ግን ልዝናና አልገባሁም። ወጣቱን የሚያበላሸው ምን እንደሆነ ልመረምር ነው የገባሁት። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ!

ማን ላከህ? ማንም።

የመጀመሪያውን ጥፋት ልጽፍ ስል ስክሪኑ ላይ አንዲት ልጅ ወጣች። አትናገርም። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትወዛወዛለች። አባቷ ይዟት አደባባይ ወጣ።

አደባባይ!

የእኔዋ ልጅ ትዕግስትም እንደዚያው ናት። ዛሬ ኦቲዝም እንላለን፤ ያኔ የማውቀው እፍረቱን ብቻ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ደብረ ብርሃን አክስቷ ጋ ናት» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ! ልጅቷ ግን ጓዳ ከእናቷ ጋር ናት።

ጎረምሶቹ በፊልሟ ልጅ ሳቁ።

ብድግ አልኩ። «ዝም በሉ! ልጄ ናት!»

ከዚያ እንባው መጣ። እንዴት ይቁም?

ባለቤቱ ካሴቱን አቆመ። በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ጎረቤቴ ወይዘሮ ከድጃ ሮጣ ገባች።

«የትዕግስት አባት፣ ምን ሆኑ?»

«ትዕግስት... ደብረ ብርሃን አይደለችም።»

«እሱንማ እናውቃለን! ግድግዳችን አንድ አይደል እንዴ? ከደብረ ብርሃን ድረስ ነው የምታንጎራጉረው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ!

እሷ ግን ቀስ ብላ «ጠዋት ጠዋት እሷን ሰምቼ ነው ሥራ የምጀምረው» አለችኝ። «ዝም ያለች ቀን ሆዴ ይባባል።»

ይህን ሁሉ አምቄ ይዤ፣ ስንት ዓመት ለራስ ምታት ኪኒን ስውጥ ኖሬያለሁ! «ወንድ አያለቅስም» እያልኩ ስሰብክ የነበርኩትም እኔው ነኝ። አባቶች፣ ስሙኝ፦ የከበዳችሁን ለሰው ተናገሩ። ነውሩ እሱ አይደለም። ነውሩ የእኔ ውሸት ነበር።

እሁድ ትዕግስትን ይዤ ወደ ታክሲ ማዞሪያው ወጣሁ። የወያላው ጩኸት አስደነገጣት። አንድ እጇን እኔ ስለያዝኩት አንዱን ጆሮዋን ብቻ ሸፈነች። ሌላውን በመዳፌ ሸፈንኩላት። እንደ ሰካራም እየተንገዳገድን ሄድን።

ማንጎራጎር ጀመረች። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

ሰው አየኝ? አየኝ።

ምን ይጠበስ?