ክቡር ልያዝልህ

በየቤተሰቡ አንድ «ልያዝልህ» አይጠፋም። ብርጭቆ ወደ አፍህ ስታነሣ መዳፉን ከሥር ይዘረጋል፤ ደረጃ ስትወርድ እንዳትወድቅ ብሎ ክንድህን ጨምድዶ ሊጥልህ ይደርሳል። ደግነቱ እንደ ጎርፍ ነው፤ አጠጣን ሲሉት ቤት ይዞ ይሄዳል።

የአንድ ግንበኛ ታላቅ ወንድም የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ በፈተና አዳራሽ የዐይን ጥቅሻ እንኳ ያላለፋቸው መምህር ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ፣ እግሮቹም አንታዘዝም ካሉት ዕለት ጀምሮ፣ ክቡርነታቸው ከሆስፒታል አልጋው ራስጌ አልተለዩም። ሾርባውን እፍ ብለው፣ ቀምሰው፣ አጋምሰው ያጎርሱታል።

«ጋሼ፣ እጄ እኮ ደኅና ነው!»

«ይረፍ እንጂ። እጅም ይደክማል።»

አፍንጫውን ቢያሳክከው የሚያኩለት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ባላሳከከው በኩል። ሐኪሙ «እንዴት አደርክ?» ሲለው፣ «ደኅና አድረናል» ብለው የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው።

ግንበኛው ጥርሱን ነክሶ ይታገሣል። ሲሚንቶ በትከሻው ፎቅ ያወጣ የነበረ ሰው፣ አሁን ተስፋው ሁሉ አንዲት ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ ያለ ሰው እጅ መሻገር ከቻለ፣ ብቻውን ወደሚኖርባት፣ ደረጃ ወደሌላት ቤቱ ይሸኛል። ካልቻለ ወደ ጋሼ ቤት ነው። እዚያ ክፍሉ ተቀብቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ መጥሪያ ደወል ሳይቀር ተሰቅሎ ይጠብቀዋል።

«ዕድሜ ልክህን አንዲት ጣት አታነሣም» ይሉታል ክቡርነታቸው፣ እንደ ምርቃት። እሱ ግን «ዕድሜ ልክ» ሲባል የሚሰማው የዳኛ ድምፅ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ዐይኑን አስጨፍኖ እግሩን በስፒል ጫፍ ይነካካው ጀመር። «ሲሰማህ አዎ በል» አለው። ከጉልበቱ በታች ዝም ያለ አገር ነው። ድንገት አንዲት ጣት ትከሻውን ጫን አደረገችው፤ ተነሣች፤ ደግሞ ጫን አለች። ነገሩ ገባው፤ ጋሼ እያስኮረጁት ነው! ስንቱን ኮራጅ ከአዳራሽ ያባረሩ ሰው! ሊሥቅም ሊያለቅስም ቃጣው። አንዱንም ሳያደርግ «አዎ» አለ። ጣቷ በተጫነች ቁጥር «አዎ»። ምናልባት ያቺን ቃል ለመናገር ናፍቆ ይሆናል። ሐኪሙም «ተረከዙ ይሰማዋል» ብሎ መዘገበ።

የሚሰማው ተረከዝ ቢጎዳ ባለቤቱ ይናገራል ተብሎ የሚያየው አይኖርም። በዐሥረኛው ቀን ነርሷ ካልሲውን ስታወልቅ፣ የዊልቸሩ ብረት የፈተገው ቁስል ሥጋው ድረስ ገብቶ ጠበቃት። የመሻገር ልምምዱ ለሦስት ሳምንት ቆመ።

«ጣትህ ናት የበላችኝ፣ ጋሼ!»

«ዜሮ እንዳታገኝ ብዬ እኮ ነው።»

«ዜሮው የኔ ነው! ማን እርዳኝ አለህ? አንድ ቀን እንኳ ምን ላድርግልህ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

በማግሥቱ ሐኪሙ ሲመጣ ክቡርነታቸው እንደ ተማሪ ብድግ አሉና እጃቸውን አጣምረው ተናዘዙ፤ «ኮርጀናል።»

ቁስሉ ደርቆ የፈተናው ቀን ደረሰ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የመሻገሪያዋን ጣውላ ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ ዘረጋችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ። እጅዎን ደግሞ ይቀመጡበት!»

ተቀመጡበት። ግንበኛው በክንዱ ገፋ፤ ዐረፈ፤ ደግሞ ገፋ። አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጣውላዋ ሸሸችና ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«እንዳይነኩት!» ብላ ጮኸች ባለሙያዋ፣ ጎንበስ ብላ ተረከዙንና ጀርባውን እየፈተሸች። የተጎዳ ነገር አልነበረም።

ጋሼ አልነኩትም። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ የተተኮሰ ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምን ላድርግልህ?» አሉት።

«ምንም።»

«እሺ።»

ሁለቱም ባዶውን ዊልቸር ተመለከቱ።

«ክፍሉን አከራየሁት» አሉ ጋሼ።

«የቱን ክፍል?»

«ያንተን። ትናንት ሰው ገባበት።»

«እና ይሄው ወደቅሁ! አሁን የት ልትወስደኝ ነው?»

«ቤትህ ነዋ። ዛሬ ባይሆን ነገ ትሻገራለህ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና በኩራት ጨመሩበት፤ «ተከራዩ ሲገባ ሻንጣውን እንኳ አልያዝኩለትም።»

ግንበኛው ዛሬ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ይህን ሲያወራ፣ ክፍሉ መከራየቱን ያምናል። የሻንጣውን ነገር ግን እስከ አሁን አላመነም።