ማርስን የምታየው ሳተላይትና ጋሽ ወልዴ

የዓለም ወሬ ሁሉ ስለ እሱ የተወራ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሚዛን ተፈሪ ላይ ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር አጥር ለአጥር እጎራበታለሁ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ።

አንድ ቀን ሬዲዮው፣ ማርስን የምትዞር ሳተላይት ከፕላኔቷ መሬት ሥር የተቀበረ በረዶ በራዳር አየች ሲል ሰሙ።

«የተቀበረ ነገር ታያለች ማለት ነው?» አሉኝ።

«የማርስን ነው እንጂ የእኛን አይደለም፣ ጋሼ» ብዬ አፌ እስኪደርቅ አስረዳኋቸው።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጓሯቸው ቡና ሥር የቀበሩትን ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ኮርኒስ ውስጥ ሊሸሽጉት ቆፍረው አወጡት። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሚሊሻዎች አዩና ከነጠመንጃው ወሰዷቸው።

ሥራዬን ጥዬ፣ ዋስ ሆኜ ሳስፈታቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አንተ ባታዘናጋኝ ኖሮ፣ ሳተላይቷ ሳታሳብቅብኝ ቀድሜ አወጣው ነበር።»