መብራቱን የሸፈነው ሾፌር

አንባቢዬ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራቱ የበራ መኪና አይተው ዝም ማለት ይችላሉ? እኛ ላስታዎች አንችልም። ሾፌሩ የረሳው ስለሚመስለን፣ መዳፋችንን እየከፈትንና እየጨበጥን እናስታውሰዋለን።

ከላሊበላ ወደ ፍላቂት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ በራሱ የሚበራ፣ ማጥፊያም የሌለው ነበር። ሾፌራችን ደምሴ ገበያተኛውንም ፖሊሱንም ሠርገኛውንም ሲያመሰግን እጁ ዛለ። ጋሸና ላይ «ዝንጉ አስመሰለኝ እኮ!» ብሎ ወረደና ሁለቱንም መብራቶች በጥቁር ፕላስተር ሸፈናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አደጋ አይፈራም፤ ዝንጉ መባልን ግን ይፈራል።

ብዙም ሳንርቅ ጉም ወረደ። አንድ የጭነት መኪና ድንገት ከፊታችን ብቅ ብሎ ለጥቂት ሳተን።

«አላየሁህም እኮ!» ብሎ ጮኸ የጭነት መኪናው ሾፌር።

«እኔ አይቼሃለሁ!» አለ ደምሴ፣ ይህ የሚበቃ ይመስል።

ከደምሴ ኋላ የተቀመጡ አንድ ቄስ ግን አልበቃቸውም። «ልጄ፣ ነፍስ ጭነሃል። ያን ፕላስተር ላጠው» አሉት።

«አባ፣ ፍላቂት ስገባ ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው አውርደኝ፤ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከፊትህ ልሂድ። ቢያንስ እኔን ያዩኛል።»

ይህን ያሉት ሊያሳፍሩት ነበር። ደምሴ ግን በሩን ከፈተላቸው። ቄሱም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ቀዩ ጃንጥላ በጉሙ ውስጥ ፊት ፊት ሲሄድ፣ ሚኒባሱ በእግር መንገድ ፍጥነት ተከተለ።

ጥቂት እንደሄድን ደምሴ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አባ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ እንጂ፤ ተሳፋሪው ቸኩሏል!»