የጋሼ ደቅሲሳ የማያስገድድ ምክር

ባሕር በሌለበት አገር፣ ስለ ባሕር ሕግ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በመቱ ከተማ እኚህ ሰው ክቡር ጋሼ ደቅሲሳ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ሬዲዮናቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይወጡና ያገኙትን ሁሉ "ሰማህ? ሰማሽ?" ይላሉ።

አብዛኛውን የምትሰማው ዘቢደር ናት፤ አጥር ለአጥር ናቸው። ጅረቱ ዳር ጎመን ታለማለች፤ የምትተዳደረውም በሱ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ከጅረቱ በላይ በኩል የሚኖረው ቡና አምራች ጎንፋ ቀይ ቡና እየፈለፈለ ልጣጩን ጅረቱ ውስጥ ይደፋ ጀመር። ውሃው ጠቆረ፣ ሸተተ። ችግኙ ጠወለገ። ብትለምነው ጎንፋ አልሰማ አላት።

"ይህማ የኛ የባሕር ሕግ ጉዳይ ነው!" አሉ ጋሼ ደቅሲሳ ስትነግራቸው። "ሬዲዮው እንዳለው፣ የአገሮችን የባሕር ክርክር የሚዳኘው ፍርድ ቤት የፋብሪካ ጭስም ባሕር ይበክላል ብሎ መክሯል። የዓለሙ ፍርድ ቤትም አገር ሁሉ ሌላውን እንዳይጎዳ ይጠንቀቅ ብሏል።"

"ታዲያ ጎንፋን ይቀጡልኛል?"

"ኧረ ምክር ነው፤ አያስገድድም።"

"ካላስገደደ ለጎመኔ ምን ሊረባው ነው ጋሼ?"

"ክብደት አለው!"

በማግስቱ በጠዋት ጎንፋ ደጅ ሄደው ቁጭ አሉ።

"አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ጋሼ፣ በደህና ነው?" አለ ጎንፋ።

"ይህ ውሃ ሶር ወንዝ ይገባል። ከሶር ባሮ፣ ከባሮ ነጭ አባይ፣ ከዚያ ባሕር።"

"እና ባሕሩ ከሰሰኝ?" ጎንፋ ሳቀ።

ሽማግሌን ደጅ አስቀምጦ ቁርስ መብላት መቼም ነውር ነው። ገብተው ገንፎ ቀረበላቸው። ቅቤው ካለበት ከመሃሉ እየጠቀሱ መከሩት። በማግስቱም መጡ። ከዚያም ወዲያ አልቀሩም፤ ቅቤውን ከመሃል፣ ምክሩን ከመጀመሪያ ይጀምራሉ።

በመጨረሻ የጎንፋ ሚስት ዲሪቤ መረራት። "ወይ ጉድጓድ ቆፍረህ ልጣጭህን ቅበር፣ ወይ እሳቸውን ልጅ አድርገህ አሳድግ!"

ጎንፋ ቆፈረ። "አያስገድድም ያለው ፍርድ ቤት ጋሼን አያውቃቸውም" እያለ ቆፈረ።

ውሃው ጠራ። ጋሼ ደቅሲሳ "ክብደት አለው አላልኩም?" እያሉ ሰፈሩን ሲያዳርሱ የሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ አለቀ። ዝም አሉ።

ዘቢደር ይህን ዝምታ ስትመኘው ኖራለች። እንጃ ግን፣ እየኮተኮተች ቀና ትላለች፣ አጥሩን ታያለች። ደስ አላላትም። ገበያ ወጥታ ድንጋይ ገዝታላቸው መጣች።

"እንኩ። ጮክ አድርገው እንዳይከፍቱት ብቻ።"

ጮክ አድርገው ከፈቱት።

"ሰማሽ ዘቢደር?"

"ደግሞ ፍርድ ቤቶቹ ምን መከሩ?" አለችና ዶማዋን ጥላ አጥሩን ተደገፈች።