የፀሐይን ነፋስ መለኪያ እንትፍ አልኩበት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በርባንክ የምትባል ከተማ ሄጄ ጉድ ሠርቼ መጣሁ። ከሰው ከምትሰሙት ከኔው ስሙት!

የእህቴ ልጅ ሰላም ኢንጂነር ናት፤ ወደ ጠፈር የሚላክ መሣሪያ ትሠራለች። ዛሬ ቤተሰብ መሥሪያ ቤቱን የሚጎበኝበት ቀን ነው ብላ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ከምሠራበት ፓርኪንግ መጥታ ወሰደችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። እሷ ስታስረዳ ግን እንኳን እኔ፣ ድንጋይም ይገባዋል!

"ጋሼ፣ ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትልከው፤ ሌት ተቀን ነፋስም ይወጣታል። አየር እንዳይመስልህ፤ ኤሌክትሪክ የያዘ ብናኝ ነው፣ ፕላዝማ ይባላል።"

ይህን ነፋስ የሚቀበለው አንድ የብረት ዋንጫ ነው። አፉ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ስስ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ፈጣኑን ብናኝ ያሳልፋል፣ ቀርፋፋውን ይመልሳል። ያለፈውን ዋንጫው ይለካል።

"ኦኬ፣ የኔ ሥራ ነዋ! በር ላይ ቆሞ አንዱን ማሳለፍ፣ አንዱን መመለስ" አልኳት። ሳቀች።

ሶ፣ ነጭ ቱታ፣ ቆብ፣ ጓንትና ማስክ አልብሳ ዋንጫው ወዳለበት ክፍል አስገባችኝ። አቧራ የሚባል ነገር የለም። "ምንም አትንካ" አለችኝ።

አልነካሁም! በጣቴ አልነካሁም!

ግን ዋንጫውን ሳየው ሆዴ ባባ። ያቺ ንፍጧን የጠረግኩላት ልጅ የፀሐይን ትንፋሽ የሚለካ ዕቃ ትሥራ! ነገ ይፈተናል፤ ካለፈ መንኮራኩሩ ላይ ይገጠማል።

እንዲህ ያለ መንገደኛ ሳይመረቅ ይሄዳል?

ማስኬን ዝቅ አደረግኩ። ምርቃት በጨርቅ ያልፋል እንዴ?

"እንትፍ! እንትፍ! በሰላም ሂድ፣ ፀሐይ አትጉዳህ!"



"ጋሼ!! እኛ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንፈራለን፣ አንተ ምራቅ?!"

አለቃዋ ሮጦ መጣ። "ብሌስ አደረገው" ብላ መመረቄን ነገረችው። ሰውየው ዋንጫውን አየ፤ እኔን አየ። ተፈቶ እንደገና ይጽዳ ተባለ።

ኮሪደር ላይ ከነቱታዬ ተቀመጥኩ። ምነው መሬት በዋጠችኝ!

ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣች። "ጸድቷል። ምንም አልሆነም፤ ፈተናው ነገ እንደተባለው ነው።"

"ይቅር በይኝ ልጄ።"

ቆቧን አወለቀችና አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። "በል፣ የቀረውን እኔ ላይ ጨርስ። እኔን አይጎዳኝም።"

እንትፍ አልኳት፣ እንባዬ እየመጣ።

እስቲ ፍረዱ፤ የፀሐይን ትንፋሽ ሊቀምስ የተሠራ ዕቃ መጀመሪያ የቀመሰው፣ ቁርሱን ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ሽሮ የበላ የፓርኪንግ ሽማግሌ ትንፋሽ ሆነ። ፀሐይ ብትሰማ ትቀየመኝ ይሆን?