ሊቀ ዝገት ጋሽ ኮርሳ

በየኮንዶሚኒየሙ፣ በየብሎኩ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ አንድ ሰው አለ። የእኛ ብሎክ የለውም የምትሉ መብራት ሲጠፋ ቀስ ብላችሁ ውጡና አዳምጡ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል የሚተነፍስ ነገር ትሰማላችሁ። እሱ ነው። ሌባ አይደለም። ሌባ የያዛችሁትን ወስዶ ይሄዳል፤ ይሄኛው በምን እንደምትሞቱ ነግሯችሁ እዚያው ይቀራል።

ጀሞ ውስጥ ለእኛ ብሎክ የደረሱን ጋሽ ኮርሳ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሰው ደም ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ነጩ ጋወናቸው ግን አልወጣም። እቤትም፣ ሱቅም፣ ለቅሶ ቤትም ይለብሱታል። በጨለማ ደረጃ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ጋወኑ ነው፤ ፊታቸው ቆየት ብሎ ይመጣል። ብሎኩ የተሠራበት መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ስለዚህ "መንገድ አይዝጉብን" ላላቸው ሁሉ፣ "እኔ የቆምኩት አባቴ ጤፍ ላይ ነው" ብለው በትህትና ይመልሳሉ።

ሙሉ ማዕረጋቸው "ሊቀ ዝገት ዘብሎክ ሠላሳ ሰባት" ነው። ያወጣላቸው ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ኑረዲን ነው። ጉልበት ቢያምም፣ ፀጉር ቢሸሽም፣ ባል ቢነጫነጭም የጋሽ ኮርሳ ምርመራ አንድ ነው።

"ዝገት ነው።"

አንድ ቀን እትዬ አምሳለ፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲወርዱ ያዟቸው። እትዬ አምሳለ የጠየቁት ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ብቻ ነበር።

"እያንዳንዱ ሴልሽ ውስጥ ምድጃ አለ" አሉ ጋሽ ኮርሳ። "ማይቶኮንድሪያ ይባላል። አየር እየማገ የበላሽውን ያነዳል። ምድጃ ደግሞ ፍንጣሪ ይተፋል። ፍንጣሪው ነፃ ራዲካል ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው። ከዚህ ሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"ዕለት ዕለት ነው የምሄደው፣ ጋሼ። ውሃው..."

"አንዱ ተሳፋሪ መቀመጫ አጣ እንበል። ጎረቤቱን ጎትቶ ያስነሳና ይቀመጣል። የተነሳው ሌላውን ይጎትታል፤ ያም ሌላውን። ሀይሌ ጋርመንት ስትደርሱ የተቀመጠ ሰው የለም። ወንበሩ ተነቅሏል፣ በሩ ተገንጥሏል። እርጅና እሱ ነው። አሁን፣ ቆመሽ ስታዳምጪኝ፣ እየነደድሽ ነው።"

እትዬ አምሳለ ጀሪካናቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወረዱ። ማታ ለእናቴ ለተናኘ ሲነግሯት ግን፣ "ተናኘ ሙች፣ ውስጤ ሲንጣጣ ሰማሁት" ብለው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ የድንቹ ሳምንት መጣ። ጋሽ ኮርሳ በየቤቱ እየዞሩ አንድ አንድ ድንች ለመኑ። ሁሉንም ለሁለት ሰነጠቁና በደረጃው መስኮት ላይ ደረደሯቸው፤ ከየድንቹ ሥር የሰጠው ቤት ቁጥር ተጽፎ ተቀመጠ። አየር ሰውን እንዴት እንደሚያዝግ ማሳየታቸው ነበር። እኛ ግን ከሥራ ስንመለስ ያየነው የየቤታችን ቁጥር ሲጠቁር ነው። "ቤት ቁጥር አሥራ አራት በሃያ ደቂቃ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የአሥራ አራት ቁጥሯ ሴትዮ አልቅሳ አደረች። በማግስቱ አንዲት ቃል ከአራተኛ ፎቅ እስከ ኑረዲን ሱቅ በሹክሹክታ ወረደች፤ "መተት ነው።"

ለሁሉም የሚናገሩት ጋሽ ኮርሳ ለእኔ ግን አንድም ቀን "ዝገት ነው" ብለውኝ አያውቁም።

እኔና እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግጥም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ባለፍኩ ቁጥር ጋሽ ኮርሳ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው፣ አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ ያያሉ። ከዚያ ዝም። የዝምተኛ ሰው ዝምታ ምንም አይደለም፤ የተናጋሪ ሰው ዝምታ ግን ተከትሎ ቤት ድረስ ይመጣል። ሞቴን አይተው አዝነውልኝ ይሆናል እያልኩ በሬን ሁለቴ እቆልፍ ነበር።

ሻርፑን ጎረቤቶቼ የጨዋነት ምልክት አድርገው ያዩታል፤ እኔም አላረምኳቸውም። ሥሩ ያለው እብጠት ነው። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ ይወጣል፣ ይፈርጣል፣ ይሽራል፣ በሌላው በኩል ይነሳል። ሳንባዬም ሁለት ጊዜ ታሞ አልጋ ይዣለሁ። በአክታዬ ተሕዋሲው ሳይገኝ የነቀርሳ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። የመካኒሳ አቦ ጠበል ያልተጠመቅኩበት ወር ጥቂት ነው። በሁሉም ትንሽ ይሻለኛል፤ ከዚያ ያው ነው።

አንድ አመሻሽ መብራት ጠፍቶ ደረጃውን እየዳበስኩ ስወጣ ጋወኑ ከፊቴ ቆመ።

"ሄርሜላ።"

"አቤት ጋሽ ኮርሳ።"

"አንገትሽ ላይ ያለው ስንተኛው ነው?"

ብረቱን ያዝኩ። ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ቁጥር አፌ ራሱ ተናገረው። "አምስተኛው።"

"ሳንባሽስ?"

"ሁለት ጊዜ።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "ልነግርሽ ሦስት ዓመት ፈራሁ። በዚህ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይዝጋል። አንቺ ግን የማትዝጊ መሰለኝ።"

"ታዲያ ጥሩ አይደል?"

"አይደለም፣ ኢንተላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አይደለም። ሦስት ጠብታ ደም ስጪኝ።"

ደም ስጪኝ የሚል ነጭ ነገር በጨለማ ሲያጋጥም ሮጦ ማምለጥ ያለ ነው። እኔ ግን አሥራ ስምንት ዓመት "ምን ይሆን?" ሲሉኝ ኖሬ ነበርና በማግስቱ ከእናቴ ጋር ተከትያቸው ሄድኩ።

የወሰዱን የቀድሞ ተማሪያቸው ሚሳኤል ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ነው። ለማነጻጸር የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልግ ስለነበር የራሳቸውን ጣት ሰጡ። ሠላሳ አራት ዓመት የሕዝብ ጣት የወጉ ሰው መርፌው ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "ቶሎ በል እንጂ" አሉት ሚሳኤልን፣ በቀጭን ድምፅ። ደማችን ከአንድ ቢጫ ቀለም ጋር ተደባልቆ ሙቀት ውስጥ ገባ። እሳት ያለው ነጭ የደም ሴል ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል፤ ምርመራው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የእሳቸውን በማይክሮስኮፕ አየሁ። ነጭ ሴሎቻቸው ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ሞልቷል፤ በየሆዳቸው ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። ቀጥሎ የእኔን አየሁ። ክብ፣ ነጭ፣ ጸጥ ያሉ። የተሰጣቸውን ውጠው ቁጭ ብለዋል። ደሙ ያለበትን መስታወት እያንቀሳቀስኩ አንድ፣ አንዲት እንኳን ሰማያዊ ፈለግኩ። ሕይወት ያለው ነገር እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼ አላውቅም፤ ያውም የራሴ።

ጋሽ ኮርሳ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲሉ ያረጁ መሰለኝ።

"ይሄን እሳት ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖርኩ" አሉ። "ነጭ ሴል ዘበኛ ነው። ጀርም ሲውጥ አየር ይምግና ሆን ብሎ ያንኑ ፍንጣሪ ይለኩስበታል። በረኪና ሳይቀር ይሠራል፣ ተናኘ፤ አንቺ ሽንት ቤት የምታጥቢበትን በረኪና። የዚች ልጅ ምድጃዎች ይነዳሉ። ዘበኞቿ ናቸው ክብሪት የሌላቸው። ሌባውን ይይዙታል፤ ግን አይገድሉትም። ሆዳቸው ውስጥ ይኖራል።"

ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞችም በሌላ ምርመራ ይኸንኑ አረጋገጡ። ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። ጀርም የሚከላከል ክኒን በየቀኑ፣ ሳላቋርጥ፣ እንድውጥ ታዘዘልኝ። ከሻገተ ግድግዳ፣ ከበሰበሰ ሣርና ከገለባ እንድርቅም ተነገረኝ። ሌላው ሰው ስቦት የሚረሳው ሻጋታ የእኔ ሳንባ ውስጥ ይበቅላል።

ስንመለስ ጋሽ ኮርሳን አንድ ነገር ለመንኳቸው። "ለማንም አይንገሩብኝ።" በየቀኑ ክኒን የምትውጥ ልጅ ስሟ ደረጃው ላይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እናቴ እቤት ስንገባ፣ "ለኮርሳ ምስጢር መስጠት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው" ብላ ተቀመጠች። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ።

"ስንት ልስጥሽ?" አለኝ ኑረዲን። ሌላ ምንም የለም። ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። ምንም የለም።

እንቁጣጣሽ መጣ። በየፎቁ ቄጤማ ተጎዘጎዘ። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ መሽተት ጀመረ፤ እኔ በሩን ዘግቼ ውስጥ ቀረሁ። ጎህ ሲቀድ ከውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሽው፣ ይቆማል። ሽው፣ ይቆማል። በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩ። ነጩ ጋወን ጎንበስ ብሎ፣ አፍና አፍንጫው ላይ ጨርቅ አስሮ፣ በመጥረጊያ ቄጤማውን ደረጃ በደረጃ እያወረደ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና በእጃቸው ግቢ አሉኝ።

ጎረቤት ያየውም ይኸንኑ ነው፤ ፊቱን የሸፈነ ሽማግሌ የበዓሉን በረከት በማለዳ ከየደጃፉ ጠርጎ ሲወስድ። ከድንቹ ጋር ሲደመር ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው። ገናም ጠረጉ። ፋሲካም ጠረጉ። ሰው ሰላምታቸውን መመለስ ተወ። እናቶች ልጆቻቸውን በእሳቸው በኩል ሲያሳልፉ የልጆቹን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ አምሳለ እድሩን በብሎኩ የጋራ ቤት ሰበሰቡ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ጋሽ ኮርሳ ከእድር ይሰናበቱ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ከእድር ቢወጡ አስከሬናቸውን የሚሸከም ሰው የለም።

"ጋሽ ኮርሳ" አሉ እትዬ አምሳለ፣ "የበዓል ቄጤማ ለምንድነው የሚጠርጉብን?"

ያልተጠየቁትን ሁሉ የሚመልሱ ሰው ቆመው መሬቱን አዩ። እጃቸውን ወደኋላ አደረጉ።

"ዝገት ነው።"

"ቄጤማ ይዝጋል?" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

"ኧረ ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይበሉ" አለ ኑረዲን። "በሌላ ጊዜ መች ዝም ይላሉ?"

"ዝገት ነው አልኩ እኮ" አሉ። ሚሳኤል መርፌውን ሲያቀርብ የሰማሁት ቀጭን ድምፅ ነበር። ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው እንዳላዩ አወቅኩ።

"እንግዲህ እጅ እናውጣ" አሉ እትዬ አምሳለ። እጆች መነሳት ጀመሩ። እናቴ ቀሚሴን ያዘች፤ እኔ ግን ተነስቻለሁ። ሻርፑን ፈታሁት። አንገቴን አየር ነካው፤ ያ ሁሉ ዓይን አረፈበት።

"ለእኔ ነው የሚጠርጉት" አልኩ።

ከዚያ ተናገርኩ፤ መጨረሻውን አስቀድሜ፣ መጀመሪያውን ረስቼ፣ ስለ ክብሪት፣ ስለ ዘበኛ፣ ስለ ክኒኑም ሳይቀር። ስጨርስ የተነሱት እጆች ወዴት እንደሚወርዱ የጠፋቸው ይመስል አየር ላይ ነበሩ።

እትዬ አምሳለ ወደ ጋሽ ኮርሳ ዞሩ። "ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ምስጢሩ የእኔ አልነበረም።"

"ድንቹስ?" አለ ኑረዲን፣ ቀስ ብሎ።

"ድንቹ ድንች ነው።"

ቀጥለው፣ ቤቱ ከፈቀደ፣ አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ለማከል ጠየቁ። በስምንት ወር ያመቁት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። ከምድጃው ተነሱ፣ በታክሲው መጡ፣ በረኪናው ላይ ደረሱ፣ ድንች የያዘ ሰው እንዳለ ጠየቁ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ማንም አልወጣም። ጋወናቸው ብቻ እየታየ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሁላችንም አሁን እየነደድን መሆናችንን ደጋግመው ነገሩን። እትዬ አምሳለ እጄን ይዘውኝ ነበር፤ መዳፋቸው በጣም ይሞቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቄጤማ የሚጎዘጎዘው በየቤቱ ውስጥ ነው። ጋሽ ኮርሳ ግን ነፋስ ያመጣው እንዳይኖር ብለው በየማለዳው መጥረግ አልተዉም።

ትናንት ስወርድ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል መጥረጊያቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትንፋሻቸው ወፍራም ነበር፤ ሊጠፋ የተቃረበ ከሰል ሲያራግቡት እንደሚያሰማው። ከእሳቸው ከፍ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ምነው ጋሽ ኮርሳ?"

በእጃቸው ተይኝ አሉኝ።

"ዝገት ነው" አልኳቸው።

ትከሻቸው በሳቅ ተነቀነቀ። "በስንት ደቂቃ ጠቆርኩ?"

"ገና ነጭ ነዎት።"

"ግጥም የተማረ ሰው አይታመንም" አሉ።

እኔ ልጨርስልዎት ብዬ መጥረጊያውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው ሳቡት። "አትንኪ። ክብሪት የለሽም።" ብረቱን ተደግፈው ተነሱ። ጨርቁን አፋቸው ላይ አሰሩና ከፊቴ መውረድ ጀመሩ። ሽው፣ ይቆማሉ። ሽው፣ ይቆማሉ። ሲቆሙ ቆምኩ፤ ሲሄዱ የጠረጉትን ብቻ እየረገጥኩ ተከተልኳቸው።