ቋሚ አካል ቁጥር አራት

በዚህ ዓለም ላይ የማይጮህ ዕቃ የለም። ዝም ብሎ የተቀመጠ የሚመስላችሁ ሁሉ ጆሮ የማይሰማው የራሱ ጩኸት አለው። የእጅ ስልካችሁ ይጮሃል፤ ቴሌቪዥናችሁ ተዘግቶም ያጉረመርማል፤ አምፖሉ ሳይቀር የሚለው አያጣም። ይሄን የሚያውቁ መንግሥታት ታዲያ ለእያንዳንዱ ዕቃ «አንተ እስከዚህ ድረስ ጩህ፣ ከዚያ በላይ ግን ጎረቤት ትረብሻለህ» የሚል ጣሪያ አበጅተዋል። የሚገርመኝ ለሰው እንዲህ ያለ ጣሪያ አለመበጀቱ ነው። ተበጅቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱ አማት፣ ስንቱ የሚኒባስ ረዳት ፈተናውን ይወድቅ ነበር። እኔም የማልፍ አይመስለኝም።

ይሄን የምላችሁ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነበር። ካርቱም ውስጥ ዕቃ ምን ያህል እንደሚጮህ እየለኩ ወረቀት የሚሰጡ ኦስማን የሚባሉ ሱዳናዊ ኢንጂነር ነበሩ። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ካርቱም አል-ሳሃፋ ሰፈር መጥቼ እንደገና ሬዲዮ ስጠግን ያገኙኝ ረዳታቸው ነኝ። የምንሠራው ሶባ ዳር፣ ከከተማው ጫጫታ ራቅ ብሎ በእሾህ አጥር በተከበበ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። የሚለካው ዕቃ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስት ሜትር ርቆ አንቴና ይቆማል፤ እኔ ጠረጴዛውን ቀስ እያልኩ በእጄ አዞራለሁ፤ ኢንጂነሩ መለኪያው ላይ ያፈጣሉ። በአካባቢው ብረት የሚባል ነገር እንዳይኖር ደንቡ ያዛል፤ ብረት ጩኸቱን እንደ መስታወት እየመለሰ መለኪያውን ያታልላል። በዚህ የተነሳ ዘለበት ያለው ቀበቶዬን እንኳ አውልቄ፣ ሱሪዬን በገመድ አስሬ ነበር የምሠራው። አትሳቁ፤ ሳይንስ ነው።

ኢንጂነር ኦስማን ለደንብ ሟች ናቸው። አንድ ድክመት ብቻ አለቻቸው፤ ሻይ። ሻይ ካልጠጡ ቁጥር አይነበብላቸውም። ሻዩም ከእሳት ወርዶ እጃቸው እስኪገባ ብዙ ከተጓዘ «ይሄ የሻይ ወሬ ነው» ብለው ይመልሱታል። ስለዚህ ሻይ ሻጯ ዘሀራ ከአጥሩ ውስጥ ገብታ፣ ከመለኪያው ጠረጴዛ ጥቂት ርምጃ ላይ እንድትቀመጥ የፈቀዱላት ራሳቸው ናቸው።

ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እያደረች ለስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ልጇን ሶባ ጎረቤት ዘንድ ትታ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የምታያት። አንድ ቀን ልጅቷ እናቷን «ኻልቶ» አለቻት፤ አክስቴ ማለት ነው፤ እናት የምትለው ጎረቤቷን ሆኗል። ዘሀራ በዚያው ሳምንት ሥራውን ጥላ፣ የከሰል ማንደጃና ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። ነገር ግን ካርቱም ውስጥ ሻይ ሻጮችን የሚያሳድድ «ከሻ» የሚሉት አፈሳ አለ፤ መኪና ይመጣል፣ ዕቃ ይጫናል፣ ይሄዳል። የዘሀራ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሄዷል። «ሦስተኛ ከሄደ ወላሂ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም ሰይድ ወንድሜ። ያው ተመልሼ ሪያድ ነኝ፤ ልጄም ኻልቶ ትለኛለች» ብላኛለች። ያ የእሾህ አጥር ከመንገዱ ዓይን ስለሚከልላት ለእሷ ከቤት በላይ ነበር።

ያን ሰሞን የካሴት ዘመን እያጣጣረ ነው። ሺህ ዘፈን ትይዛለች የምትባል፣ ክብሪት የምታህል የሙዚቃ ማጫወቻ መጥታለች። የካርቱም መኪኖች ግን የሚያውቁት ካሴት ነው። አንድ አስመጪ ይሄን አየና ከማጫወቻዋ ሥር ተሰክታ ዘፈኑን በኤፍ ኤም ወደ መኪናው ሬዲዮ የምታስተላልፍ ትንሽ ማሰራጫ በኮንቴይነር አስመጣ። እንግዲህ ማንኛውም ባለ ታክሲ ከመቀመጫው ሳይነሳ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሊሆን ነው። መንግሥት ደግሞ፣ የትም አገር ቢሆን፣ ጣቢያ ሲበዛ ደስ አይለውም። «ይቺ ነገር ከመኪናው ውጭ ምን ያህል ትሰማለች? ተለክታ ወረቀቷ ይምጣ» ተባለና ወደ እኛ መጣች።

ዘፈን እያጫወተች ጠዋት ለካናት፤ ከጣሪያው በላይ ጮኸች፤ ወደቀች። ቀትር ላይ ለካናት፤ አለፈች። አሥር ሰዓት ላይ ስንደግም ጭራሽ ድምጿ ሊጠፋ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ወደቀች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ኢንጂነሩ መጀመሪያ በሙቀቱ አሳበቡ፤ ጃንጥላ ያዝኩላት፣ ያውም ዘንጉ እንጨት የሆነ። ቀጥሎ ባትሪው ተጠረጠረ። ባትሪው ነጻ ሲወጣ ዘፋኙ ተከሰሰ፤ «የዚህ ሰውዬ ጉሮሮ ሰፊ ነው፤ ረጋ ያለ ፈልግ» አሉኝ። ረጋ ያለ አመጣሁ። ረጋ ያለውም ወደቀ። አስመጪው በበኩሉ በየቀኑ እየደወለ «ቀትር ላይ ብቻ ለክታችሁ ለምን አትገላግሉኝም?» ይላል። እውነቱን ልናገርና ሐሳቡ እኔን አልከፋኝም ነበር። ኢንጂነሩ ግን «አንተ ሰይድ፣ ሰው መኪና የሚነዳው ቀትር ላይ ብቻ ነው?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

በአምስተኛው ቀን ዘሀራ አልመጣችም። ከሻ ወደ ሶባ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ስለደረሳት ዕቃዋን ጠቅልላ ቤቷ ተሸሽጋለች። ያን ቀን ማሰራጫዋ ጠዋት አለፈች፤ ቀትር አለፈች፤ አሥር ሰዓትም አለፈች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ኢንጂነሩ ሻይ በማጣት ራሳቸውን ይዘው «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» አሉ። እኔ ግን ዘሀራ የምትቀመጥበትን ባዶ ቦታ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ዘሀራ ለጥላ ብላ ያቆመችው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ነበራት፤ ያን ቀን እሱም አብሯት ሄዷል። እሱን ከፀሐይ ጋር ታዞረዋለች፤ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ። የቀበቶ ዘለበት ፈርተን ሱሪ በገመድ የምናስር ሰዎች፣ በር የሚያህል ቆርቆሮ አፍንጫችን ሥር ሲሽከረከር ሰንብቶ አላየነውም። ለምን መሰላችሁ? ሻይ ነዋ። ካርቱም ውስጥ ሻይን ከነዕቃው እንደ ብረት የሚቆጥር መሐንዲስ አልተወለደም።

ዘሀራ በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ እኔ ግን ነገሩን ሁለት ቀን ዋጥኩት። ብናገር ዘሀራን አስነሳሁ፤ ዝም ብል ምንም ያላጠፋችውን ማሰራጫ በሐሰት ጣልኩ፤ የኢንጂነሩም ስም አብሮ ሊወድቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ለራሷ ለዘሀራ ነገርኳት። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

«ንገራቸው» አለች በመጨረሻ። «የሰው ሥራ እያበላሸሁ የምሸጠው ሻይ ለልጄም አይሆናት። ካስነሱኝም ያላ፣ እሄዳለሁ፤ ሪያድ አለ።»

እንዲህ ስትለኝ አፈርኩ። ለኢንጂነሩ ስነግራቸው የያዙትን ሻይ እስከ አተላው ጨረሱና መሬቱን ማየት ጀመሩ። በቆርቆሮው ፋንታ ጨርቅ እንድትወጥር ተሞከረ፤ የከሰሉ ፍንጣሪ በሁለተኛው ቀን ወንፊት አደረገው። ጥላስ ይቅርባት እንዳይባል የሶባ ፀሐይ ሰው ይጥላል። «ሰላሳ ርምጃ ወደዚያ ብትርቅስ?» ስላቸው እናታቸውን የሰደብኩባቸው ያህል አዩኝ። ከዚያ የመለኪያውን ደንብ አወጡና ቀኑን ሙሉ ሲያነቡ ዋሉ።

ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ተገኘች። ከሜዳው ሊነሳ የማይችል ነገር ካለ በንድፉ ላይ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዝገብ፤ የሚያመጣው ለውጥ ተለክቶ ከውጤቱ ይቀነስ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳይፈቀድ ከቦታው አይነቃነቅ ትላለች። ኢንጂነሩ ፊታቸው በራ። በማግስቱ ቆርቆሮውን በችካል ቸነከርነው። ጩኸቱ አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አድርገን የቆርቆሮውን ድርሻ አወጣን። ማሰራጫዋን ስንለካ ጠዋትም ቀትርም ከሰዓትም አለፈች። በንድፉ ላይ ከሜዳው ዳር ያለው ደረቅ ዛፍ ቁጥር አንድ፣ የአጥሩ በር ምሰሶ ሁለት፣ የፕላስቲክ የውኃ በርሜሉ ሦስት ሆኑ። አራተኛው «ቆርቆሮ፣ ከነማንደጃው፣ ከነማንቆርቆሪያውና ከነመቀመጫ ዱካው» ተብሎ ተጻፈ።

«ፀሐይቱስ? እሷ አትቸነከር» አለች ዘሀራ።

«አንቺ ዙሪ። ቆርቆሮው ከእንግዲህ አይዞርም» አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘሀራ ዱካዋን ይዛ ቆርቆሮውን ስትዞር ትውላለች፤ ጠጪዎቿም ብርጭቋቸውን ይዘው ይከተሏታል። ወረቀቱን የላኩለት መሥሪያ ቤት «ቁጥር አራት ምንድን ነው?» ብሎ አንዴ መለሰው። ኢንጂነሩ «ያለ እሱ ልኬት የማይካሄድበት ቋሚ አካል» ብለው ጻፉ፤ ይሄ ደግሞ ከፊደሉ እስከ ነጥቡ እውነት ነው። ንድፉ ማኅተም ተመትቶበት መጣ። አስመጪውም ወረቀቱን አግኝቶ ዕቃውን ገበያ አወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከሻው እውነትም መጣ፤ በዚህ ጊዜ አጥሩም አላዳነንም። ሰዎቹ በበሩ ገብተው ማንቆርቆሪያውን አነሱ፤ ሁለቱ ቆርቆሮውን ከችካሉ መንቀል ጀመሩ። ዘሀራ አልለመነችም፤ ዱካዋ ላይ ቁጭ እንዳለች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። ኢንጂነር ኦስማን ንድፉን እያውለበለቡ ደረሱ።

«ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ይሄ የመለኪያ አካል ነው። አንድ ጣት ከተነቃነቀ ልኬቱ ሁሉ ይፈርሳል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ውሰዱት፤ ብቻ የወሰድኩት እኔ ነኝ ብለህ እዚህ ጋ ፈርም» አሉ ለሰዎቹ አለቃ።

አለቃው ማኅተሙን አገላብጦ አየ። ከማንም ጋር ለመጨቃጨቅ የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ለመፈረም ግን አልተዘጋጀም። «ማንደጃውም ማንቆርቆሪያውም ተጽፏል። መልሱት» አለ ለሰዎቹ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ዘሀራ ቀሰረ። «ሴትዮዋ ግን ወረቀቱ ላይ የለችም። ኢቃማ አላት?»

የመኖሪያ ፈቃድ ማለቱ ነው። አልነበራትም። አሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንታ አላገኘችውም። ዘሀራ ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድላቸው ተነሳች፤ እኔም ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማን ይቀበላት ይሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ኢንጂነሩ እስክሪብቷቸውን አወጡና፣ ንድፉን የአለቃው መኪና ላይ ዘርግተው፣ ከቁጥር አራት ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፉ።

«ይሄ አሁን የተጻፈ ነው» አለ አለቃው።

«ማኅተሙ ግን የቆየ ነው» አሉ ኢንጂነሩ። «ውሰዳት፤ ቁጥር አራት ያለ ሰው የቀረው በእኔ ትእዛዝ ነው ብለህ ፈርም።»

እስክሪብቶውን ዘረጉለት። አለቃው አልተቀበለም። ስኳር የበዛበት ሻይ አዞ፣ ቆሞ ጠጥቶ፣ መኪናው ላይ ወጣ።

ዘሀራ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ጠበቀችና «ምን ብለው ጻፉ?» አለችኝ። ዓረብኛውን አነበብኩላት፤ «ዘሀራ፣ የቁጥር አራት ጠባቂ» ይላል። ደጋግማ አስነበበችኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ለእኔ ያልወጣ ወረቀት ለቆርቆሮዬ በአንድ ወር ወጣለት» አለች። «እንግዲህ እኔም የቆርቆሮው ሰው ነኝ በለኛ።» ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በማግስቱ ንድፉን ኮፒ አስነሳች፤ በፕላስቲክ አስለብጣም ጡቷ ሥር ያዘችው።

የከሻው ሰዎች እዚያ ሳሉ እኔ የት እንደነበርኩ አልነገርኳችሁም። አንቴናው ጀርባ ቆሜ ነበር። አንቴና ሰው የሚደብቅ ዕቃ አይደለም፤ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ግን ሌላ ነገር አልነበረም። የእኔ ኢቃማ ካለቀ ከርሟል። ሰዉ ሁሉ ሲበተን ወደ ኢንጂነሩ ጠጋ ብዬ፣ ንድፉ ላይ ገና ባዶ ቦታ መኖሩን እንደ ዋዛ አነሳሁ። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ቁጥር አምስት ምን ይሠራል ልበል?» አሉ።

«ጠረጴዛ ያዞራል በሉልኝ» አልኳቸው።